ሐኪም ጋራ ከላይ

ከአገር የወጣሁ ማታ እናቴ እስከ ኤረር በር ሸኘችኝ። ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ፣ «በወጣሽበት በር ተመለሺ፣ ኢንሻላህ» አለችኝ። እኔ ዓይናፋር ነኝ፤ እሺ እንኳ ሳልል ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

በረሃውንና ባሕሩን ሌሎች ጽፈውታል። ሆላንድ እንደገባሁ የስደተኞች ጉዳይ መርማሪ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ፤ «የት ተወለድሽ?»

«ሐረር፣ ኤረር በር።»

አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሳቁ መጣ። «እህቴ፣ በር ላይ? እናትሽ ቤት እስክትገባ መታገሥ አልቻለችም?»

«ሰፈሩ ከከተማው በየት በኩል ነው? በሰሜን? በደቡብ?» አለ መርማሪው።

«ወደ ኤረር በሚያስወጣው በኩል።»

እኛ ሰፈር በበሩ ይጠራል እንጂ ሰሜን ደቡብ ማን ይላል? ካርታ ሲዘረጋልኝ ጣቴን የት እንደማሳርፍ አጣሁ። ሐረሬ መሆኔን አላመነም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካላሳመንኩት ሊመልሱኝ ነው።

ደችኛ የሚያለማምዱኝ ሽማግሌ የድሮ ካርታ ይሸጣሉ፤ መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ፣ በእጅ ቀለም የተቀባ፣ የየክፍለ ሀገሩ ካርታ። ከተሞቹ በግንብ ታጥረዋል፤ በሮቹም መንገዱ በሚወስድበት ከተማ ስም ይጠራሉ። የሐረርን ግንብ፣ ጀጎልን ያየሁ መሰለኝ! አንዱ ላይ ግን ባሕሩ ከላይ ነው።

«ይሄ ተገልብጧል፤ ከላይ ሰሜን ነው ብለውኛል» አልኳቸው።

ሳቁ። «የሳሉት ሰዎች የብስ ላይ ቆመው ወደ ባሕሩ ነበር የሚያዩት። ስለዚህ ባሕሩ ያለበትን ምዕራብን ከላይ አደረጉት። ይሄ ሐይቅ ይታይሻል? በነፋስ ወፍጮ ውሃውን እየቀዱ አደረቁት። አንቺ ዛሬ የምትኖሪው እዚያ ላይ ነው።»

በቀጠሮዬ ቀን ወረቀት ጠየቅሁ። ጀጎልን ሳልኩ፤ በሮቹን፣ ቤታችንን፣ ከላይ ሐኪም ጋራን።

«ደቡብን ከላይ አደረግሽው» አለ መርማሪው።

«ከደጃችን ሲታይ ሐኪም ጋራ ከላይ ነው። የእናንተም አያቶች ባሕሩን ከላይ ስለዋል። አገራቸውን አያውቁም ተባሉ?»

አስተርጓሚው አሁን አልሳቀም። «ልተርጉመው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አንድም ቃል ሳታስቀር።»

መርማሪው ወረቀቱን ወስዶ መዝገቤ ውስጥ ከተተው።

ለእናቴ ደወልኩላት። መልሱ ገና መሆኑን፣ ስለ ሐይቁም ነገርኳት።

«ያ ረቢ! ውሃው ቤቴ ነው ብሎ ቢመለስስ?»

«ያኔ እኔም እመለሳለኋ፣ እማ።»

«በየት በር?»

«በወጣሁበት» አልኳት፤ ያን ማታ ሳልመልስላት የቀረሁትን።