አሳ ነዋ!

ሰበታ ምሳ ቤት ገብቼ የአሳ ጥብስ ሽታ ሲቀበለኝ ተፍኪ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አባቴ እዚያ ተፍኪ፣ አዋሽ ዳር፣ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ አሳ አጥማጅ ዘንድ ይወስደኝ ነበር። ኦቦ ቶለሳ ስሙ ያልተጠራ አሳ ቅርጫታቸው ውስጥ አይከቱም። ጭቃ ጭቃ የሚሸተውን፣ ገና የሚንፈራገጠውን አሳ አፍንጫዬ ሥር ይደቅኑና «መቃን ኢሳ ኤኙ?» ይሉኛል፤ ስሙ ማነው? ማለታቸው ነው። ጢም ካለው «አምባዛ!»፣ ቅርፊታም ከሆነ «ቆሮሶ!» እላለሁ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «አሳ ነዋ!» አልኳቸው።

ተቆጡ። «አንቺንስ ሰው ብለው ቢጠሩሽ አቤት ትያለሽ? ስሙ ካልተጠራ ቢሞትም የሚጠይቅለት የለም።»

ያኔ ሳቅኩ።

«ምን አሳ ነው?» አልኩት አስተናጋጁን።

«አሳ ነዋ፣ እህቴ! የፍሪጅ ነው።»

በመስኮቱ ከተማውን የሚያቋርጠው ወንዝ ይታያል። ጥቁር አረፋ ተሸክሞ፣ እየገማ፣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ደሜ ፈላ።

«ይሄን ቆሻሻ የሚለቅበት ማነው?»

«ፋብሪካ ነዋ!» አለኝ፣ ሳህኑን እያስቀመጠ።

«የትኛው ፋብሪካ?» ጮህኩበት። ተመጋቢው ሁሉ ዞረ። «ስም የለውም? ስሙን ጥራው!»