ገደል አፋፍ ላይ መብራት ሄደ

ልጄ በስልኳ የቻይና ተከታታይ ፊልም እያየች ነው። ገደል አፋፍ ላይ አንዱ የተንጠለጠለ ጓደኛውን እጅ ይዞ ይጮኻል። ጠጋ ብዬ ማየት ጀመርኩ።

ልጆች ሆነን አሰላ፣ ጓደኛዬ ከድር ቤት እንዲህ ያለ ፊልም ስናይ፣ ልክ እዚህ ቦታ ላይ መብራት ሄደ። አያቱ ሐጂ ቱሬ ኩራዝ ለኮሱ፤ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ሸተተ። ከድር ክንዴን ጨምድዶ፣ “ይለቀው ይሆን?” አለኝ።

ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። “ዱዓ እናድርግለት።”

“ኧረ ሐጂ፣ ፊልም እኮ ነው!” አልኳቸው።

“ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ሰው ተንጠልጥሎ ዝም አይባልም። አሚን በል።”

አሚን አልኩ። መብራቱ ግን ሳይመጣ አደረ።

ከድር በባሕር ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። ሳላውቀው መዳፌን ዘርግቻለሁ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

“አባዬ፣ ፊልም እኮ ነው!”