ኬላ ላይ የተፈተሸው የአሻንጉሊት ቤት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ኬላ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን የምስቀው በዚህ የተነሳ ነው።

እኔ የጀመርኩትን የምጨርስ ሰው አይደለሁም። ስፌት ጀምሬ ትቻለሁ፤ የፀጉር ሥራም ጀምሬ ትቻለሁ። ቴፒ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ለቃልኪዳን በስልክ "ለልደትሽ የአሻንጉሊት ቤት እሠራልሻለሁ" ስላት እናቷ ስልኩን ተቀብላ ሳቀች። "ልጄን ተስፋ አትስጫት፤ በሩን ሠርተሽ ትተይዋለሽ" አለችኝ። እልህ ያዘኝ።

ተገጣጣሚ የአሻንጉሊት ቤት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ካርቶኑ ውስጥ የተቆራረጠ ስስ ጣውላና የቻይንኛ መመሪያ አለ። ማንበብ ስለማልችል ሥዕሉን አየሁ፤ ፕላኑ ግን አልተዋጠልኝም። ኩሽናው ሳሎን ውስጥ ነው። ጭሱ የት ሊሄድ ነው? ነቅዬ ጓሮ ወሰድኩት። ደግሞስ የእኛ አገር ቤት ያለ ቡና መጋዘን ምን ቤት ነው? በተረፈው ጣውላ እሱንም ጨመርኩ። አውራ ጣት የሚያህሉ ጆንያዎች ሰፍቼ እውነተኛ ቡና ሞላሁባቸው። ሱፐር ግሉ በሚባለው ማጣበቂያ ጣቶቼ ተጣብቀው እናቴ ያጎረሰችኝ ቀን አለ።

በልደቷ ጠዋት ቤቱን በነጠላ ሸፍኜ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ከምኖርበት ከሚዛን ወደ ቴፒ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎኔ የተቀመጡ እናት ገልጠው አዩና፣

"ሽንት ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጋር ተጣበቀ እኮ ልጄ" አሉኝ።

"ዘመናዊ ነው እማማ።"

"ዘመናዊም ቢሆን ይሸታል።"

ያለ ፈቃድ የሚያልፍ ቡና የሚፈተሽበት ኬላ ላይ ስንቆም ፈታሹ ገባ። ነጠላውን ገለጠ፣ ጣሪያውን አነሳ፣ ዓይኑ መጋዘኑ ላይ ቀረ። አንዷን ጆንያ በሁለት ጣቱ አንስቶ አሸተታት።

"ቡና ነው! ፈቃድ አለሽ?"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አንድ ሲኒ አይወጣውም!"

"ቡና ቡና ነው። ይራገፍ።"

መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ረዳቱ ከበሩ ላይ "ወዛደር ልጥራ?" ብሎ ጮኸ። ፈታሹ ተናዶ ቤቱን ወደ ራሱ ሲስበው የሳሎኑ ግድግዳ ቀጭ ብሎ ተገነጠለ።

 እኔ ጋሼ ማለቱንም ረሳሁት።

"በሕይወቴ የጨረስኩት ነገር ይሄ ብቻ ነው! ቡናውን ከፈለግህ ቆልተህ ጠጣው፤ ቤቴን ግን እንደነበረ መልስልኝ!" ብዬ አለቀስኩ።

ሰውዬው ደነገጠ። "ቆይ እስቲ… ማጣበቂያ ይዘሻል?" አለኝ። ምናልባት ብዬ የያዝኩትን ሰጠሁት። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ራሱ አጣበቀ፤ እስኪደርቅም ደግፎ ያዘው። ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ "ሥራ ላይ ነኝ!" ይላቸዋል። ጆንያዋንም "መጋዘን ባዶውን አያምርም" ብሎ ቦታዋ መለሳት።

ሊወርድ ሲል አውራ ጣቱ ከግድግዳው አልላቀቅ አለ! እማማ ከቦርሳቸው ቫዝሊን አውጥተው እያሹ አላቀቁት። "ትንሽ ብንቸኩል እኮ ቴፒ ይዘንህ ሄደን ነበር" አሉት።

ቴፒ ስደርስ እህቴ ቤቱን ዞራ ዞራ አይታ በሩን ከፈት ዘጋ አደረገችው። ያቺ ከፈት ዘጋ ለእኔ ከምስጋና በላይ ናት። ቃልኪዳን ግን ታሪኩን ሰምታ ደጃፉ ላይ እንደ ኬላ ክር ወጠረች፤ አሻንጉሊቶቿን አሰልፋ "ውረዱ! ቡና ይዛችኋል?" ማለት ጀመረች።

አሁን የጀመርኩት ሹራብ አንድ እጅጌ ይቀረዋል፤ ያልቃል ብዬ አልምልም። ሰው ሲያሾፍብኝ ግን አልናደድም። ቤት ሠርቼ፣ አስፈትሼ አስረክቤያለሁ፤ የማያምን ቴፒ ሄዶ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የቀረውን የፈታሹን አሻራ ይይ።