የተፋቀው የሞተር ቁጥር

ምግብ የማድረስ ሥራ እንዳገኘሁ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ኮሪያታውን ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን የምንኖረው ጓደኛዬ ሞተር ሳይክሉን ሊሸጥልኝ ተስማማ። አበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ጓሮ ፓርክ አድርጎ ጠበቀኝ።

"ሞተሩ ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ነው፤ እናቴ ትሙት!" አለኝ።

አምኜው ነበር። ግን አገር ቤት ጋራዥ ስለሠራሁ እጄ አላርፍ አለኝና ጎንበስ ብዬ የሞተሩን ጎን በጨርቅ ጠረግሁት። የፋብሪካው ቁጥር በሞረድ ተፍቆ ሌላ የተንጋደደ ቁጥር ተመትቶበታል።

"ይሄማ የተቀየረ ሞተር ነው" አልኩት።

"ቢቀየርስ? ይነዳ የለ እንዴ? እንደ ሌባ ትፈትሸኛለህ?" ብሎ ጮኸ።

ጩኸቱን ሰምተው ተመጋቢዎች ወጡ። ሁለታችንም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ ይቆጡልኛል ስል፣ ወደኔ ዞሩ።

"ወንድምህን በሰው ፊት ታዋርዳለህ? አልገዛም ብለህ ዝም ብትል ምን ነበረበት?"

ቁጥሩን እዩት ብዬ ለመንኩ። ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ልብሴን ሰብስቤ ከክፍሉ ወጣሁ። እሱ ሞተር ሳይክሉን ለሌላ አበሻ ሸጠው። እኔ ግን እዚያ ሰፈር ወገኑን የማያምን ተብዬ ቀረሁ፤ አንዳንዱም ሰላምታዬን አይመልስልኝም።