ገንዘብ ተቀባይ የሌለው ሆስፒታል

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ዙሪክ ባለቤቴ ዘንድ በመጣሁ ሰሞን ነው። የማልረሳው፣ ሰው ሁሉ ሊያድነኝ ሲሯሯጥ እኔ የተደበቀ ዕዳ ስፈልግ ስለነበር ነው።

የባለቤቴ የቢንያም የአክስት ልጅ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ጄኔቭ ሄድን። ፓኪ የሚባለው ሰፈር፣ እሷ ቤት ገና ምሳ ሳይቀርብ ቀኝ ጎኔን ቀስፎ ያዘኝ። ሆስፒታል ስንደርስ «ትርፍ አንጀት ነው፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል» ተባለ።

እኔ አገር ቤት የግል ሆስፒታል ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ማስያዣ ሳይከፈል አልጋ አይሰጥም፤ ደረሰኙን የምቆርጠው እኔ ነኝ። እዚህ ደም ቀዱ፣ ራጅ አነሱ፣ ጉሉኮስ ሰቀሉ፤ ስለ ክፍያ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ።

«ማን ነው የሚከፍለው?» አልኩት ቢንያምን።

«ክራንከንካሰ ነዋ፣ የጤና መድኑ።»

«ገና አላስመዘገብኩሽም አላልከኝም?»

«ሦስት ወር ሳይሞላሽ ካስመዘገብኩሽ፣ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ ይሸፍናል።»

ከታመሙ በኋላ የሚገባበት መድን የት አገር አለ? ቢንያም ክሎተን አየር ማረፊያ አጽድቶ የሚያገኛት ደመወዝ ይህን አትችልም። ተበድሯል፣ ወይም የማላውቀው ነገር ፈርሟል ብዬ ደመደምኩ። ለቀዶ ጥገናው አልፈርምም አልኩ።

በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ። የሴትየዋ መልስ ከቢንያም ጋር አንድ ሲሆንብኝ ተመካክረዋል ብዬ ጠረጠርኩ።

«እንግዲያው ገንዘብ ተቀባይዋን ጥሩልኝ» አልኳት።

ከሐኪሟ ጋር ብዙ ተነጋገረች። «እህቴ፣ እዚያ ክፍል ገንዘብ ተቀባይ የለም። ሐኪሟ ግን ከቆየሽ ሊፈነዳ ይችላል እያለች ነው» አለችኝ።

ቢንያም የአልጋውን ብረት ይዞ አለቀሰ። ለዕዳው ይሁን ለእኔ መለየት አቃተኝ። ሕመሙ ሲጠናብኝ ፈረምኩ።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ቢንያም መድኑ ዘንድ አስመዘገበኝ። ድኜም ቢሆን ጥርጣሬው አልለቀቀኝም፤ ዙሪክ አፎልተርን በሚባለው ሰፈር፣ የቤታችንን ፖስታ ሳጥን እየቀደምኩት እከፍት ነበር። በመጨረሻ የመድኑ ሂሳብ መጣ። አብዛኛውን የሆስፒታል ወጪ ችሎታል፤ የእኛ ድርሻ ለብቻው ተጽፏል፣ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈልም ይቻላል። ቢንያም ድርሻችንን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እኔ እፎይ አልኩ። ያመንኩት የምንከፍለው ነገር ሳይ ነው።

ዛሬ እሱ ለጓደኞቹ እያወራ ያስቃቸዋል። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም። ያን ቀን ሕመሙ ትንሽ ቢታገስልኝ ኖሮ፣ እምቢ እንዳልኩ እቀር ነበር።