የእሳት አደጋ መኪናዋ ወርድ

ከተማችንን በስሟ አልጠራትም። ከሚዛን ወደ ቴፒ የተጓዘ ሰው አልፏት ሄዷል፤ ልብ ባይላት አይፈረድበትም። ይህ የማወራው የሆነው አስፋልቱ በገባ በማግሥቱ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ከተማዋ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና አገኘች። ጣቢያ ግን አልነበራትም። መኪናዋ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሾላ ሥር ቆማ፣ እንግዳ ሲመጣ አቧራ ላይ ውሃ እየረጨች፣ ሠርግ ሲኖር በርሜል እየሞላች ከረመች። ከእሳት በቀር ያልታዘዘችው ነገር አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው መሬት ያውቃል ተብሎ ይታመናል፤ እምነቱን አላስተባበልኩም። የጣቢያውን ቦታ የሚመርጥ ኮሚቴ ሲቋቋም "የነዋሪ ተወካይ" ተብዬ ገባሁ። የወከለኝ ነዋሪ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

በእውነቱ ግን ወደ ኮሚቴው ያስገባኝ ፍርሃት ነው። እናቴ ከእህቴ ጋር የምትኖረው ከገበያው ጀርባ ነበር። እዚያ ሰፈር ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲያስነጥስ ጎረቤቱ ከራሱ አልጋ ላይ ሆኖ ይማርህ ይላል። ማድ ቤቶቹ ከቀርከሃና ከሣር የተሠሩ ናቸው። እናቴ ከወደቀች ወዲህ እግሯ አልታዘዛት ብሏል፤ ሰው ካላነሣት አትነሣም። እህቴ ደግሞ ቡና ነጋዴ ናት፤ ቀን ቤት አትገኝም። በጋ በገባ ቁጥር እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ አፍንጫዬ በመስኮት ይወጣል። ጢስ የሸተተኝ ሲመስለኝ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንደነካሁ እቀራለሁ። ተማሪዎቼ እያሰብኩ ይመስላቸዋል።

ለኮሚቴው ሁለት ቦታ ቀረበ። አንዱ ገበያው ራስጌ ያለው የድሮ ከብት ተራ ነው፤ ሁለተኛው ከከተማው ግርጌ ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ። ሁሉም ጣቢያውን ወደ ደጁ ይጎትት ጀመር። አንድ ነጋዴ አባል ነበረን፤ ሱቁ ገበያው ውስጥ ነውና ከብት ተራውን እንደ ቅድስት አገር አወደሰው።

"መምህር፣ አንተስ ምን ትላለህ?" አሉኝ ሰብሳቢው፤ ረጋ ያሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የማዘጋጃ ቤት ሰው ናቸው።

መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ከብት ተራው ከእናቴ አልጋ አንድ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ነጋዴው ግን ቀደመኝ። "እሱንማ ምን ይጠይቁታል፤ የእናቱ ቤት የት ሆነና" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም አብረው ሳቁ።

ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ መሄድን እንደ ሙያ ይዤ ነው የኖርኩት። ሳቁ ሳይበርድ "ወንዙ ዳር" አልኩ። ምክንያት ቸግሮኝ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልቸገረኝም። ውሃው እዚያው ነው፤ ከሜዳው የሚነሣ ቤት የለም፤ አስፋልቱ ቀጥ ብሎ ገበያ ያገባል። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ለራሳቸው ስለማያደሉ ሰዎች ብዙ ያወራሉ። የእነዚያ ሰዎች እናቶች የት ሰፈር ይኖሩ እንደነበር የሚናገር ግን አላጋጠመኝም።

"እንግዲያው ይሞከር" አሉ ሰብሳቢው።

ሙከራው በነሐሴ ተደረገ። የመኪናዋ ሾፌር ገጠር ተወልዶ ያደገ የአካባቢው ልጅ ነው፤ እኔ ሰዓቴን አውጥቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። ዝናቡ መስተዋቱን ይገርፈዋል፤ መንገዱ ላይ ጆንያ ከተከናነበች አንዲት ሴት በቀር ማንም የለም። ከወንዙ ገበያ ስድስት ደቂቃ ፈጀብን። ቃለ ጉባኤው ላይ "በአስቸጋሪ የአየር ሁኔታ" የሚል ተጨመረበት፤ ሐረጉ የእኔ ነው። በመስከረም መሠረቱ ተቆፈረ።

ኅዳር ገባ። አንድ ጠዋት ከወንዙ ወደ ገበያ በእግሬ ወጣሁ። አስፋልቱ ቡና ለብሷል።

አገራችን ስለ አስፋልት ያመሰገነው ለመኪና ብሎ አልነበረም። አስፋልት ማለት ጭቃ የማይነካው፣ ከላይ ፀሐይ ከታች ሙቀት ያለው የቡና ማስጫ ነው። ከወንዙ እስከ ገበያው በሁለቱም ወገን ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ዳር ዳሩ በድንጋይ ታጥሯል፤ ሴቶች ጥላ ዘርግተው ማገላበጫቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መሐል ላይ ባጃጅ የምታልፍበት ያህል ቀርቷል። ትልቅ መኪና የመጣ እንደሆነ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሴቶቹ በመጥረጊያ ወደ ዳር ይሰበስቡለታል፣ ያልፋል። የሰው ስጥ በእግሩ የረገጠ ይቅርታ ይጠይቃል። በጎማ የረገጠ ከተማውን መልቀቅ ይሻለዋል። ገበያው መግቢያ ላይ ከሁሉም ሰፋ ብሎ የተዘረጋውን ስጥ አወቅሁት፤ የእህቴ ነው።

አምና አስፋልቱ ገና እንደገባ ሲሰጣበት አይቻለሁ፤ የሰው ስጥ እንደማይረገጥም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቄው ነው በነሐሴ ሰዓት የያዝኩት።

ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ሙከራውን እኮ በክረምት ነው ያደረግነው።"

"አዎ። በዚያ ዝናብ ስድስት ደቂቃ።"

"አሁን መንገዱ ላይ ቡና አለ።"

"ቡና መቼ ጠፍቶ ያውቃል?"

"ነሐሴ ላይ አልነበረም። እሳት ደግሞ በነሐሴ አይነሣም፤ በበጋ ነው የሚነሣው።"

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ቦታውን የመረጥከው አንተ ነህ፣ መምህር። መሠረቱ ወጥቷል። ሕዝቡን ቡና አታስጡ ልበል? እኔ ራሴ እኮ አስጥቻለሁ።"

እናቴን ወደ እኔ ቤት እንድትመጣ ለመንኳት። "አንተ ጋ ማን ሊያጫውተኝ፣ መጽሐፍ?" አለች። እዚያው ቀረች። እኔም በመስኮት ማሽተቴን ቀጠልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጥኩ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ባልደረቦቼ ሰፈሩ ውስጥ ወዳጅ ያበጀሁ መስሏቸው ይጠቃቀሱብኝ ነበር።

መኪናዋ ጣቢያው እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ከሾላው ሥር ተነሥታ ወንዙ ዳር መቆም ጀመረች። ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ጢሱ የእውነት ሆነ። ጠመኔውን የት እንደጣልኩት አላስታውስም። አስፋልቱ ላይ ስደርስ ቀይዋ መኪና እየጮኸች ቆማለች። ከፊቷ ሴቶች ተጎንብሰው ቡና ይጠርጋሉ። ሾፌሩም ወርዶ ማገላበጫ ይዞ ያግዛቸዋል።

"ንዳት እንጂ" አልኩት። "እናቴ እዚያ ናት፣ ንዳት።"

ቀና አለና አየኝ። እሱም ላብ አጥምቆታል። "መምህር፣ ቡና ነው እኮ። የሰው ዓመት ነው። በል ያዝ" ብሎ መጥረጊያ አቀበለኝ።

ያዝኩት። እናቴ ከሚነድ ሰፈር ውስጥ እያለች እኔ የማላውቀውን ሰው ቡና ጠረግሁ። መኪናዋ ጥቂት ተራምዳ ቀጣዩ ስጥ ጋ እንደገና ቆመች። እንደገና ጠረግን። ሦስተኛው ላይ መጥረጊያውን ጥዬ ሮጥኩ።

ስደርስ እሳቱ ሞቷል። የተነሣው ከእናቴ ቤት ሦስት ቤት አልፎ ባለ ማድ ቤት ላይ ነበር። ጎረቤቶቿ ማድ ቤቱን በገመድ ጎትተው ጥለውታል፤ እርጥብ የእንሰት ግንድና ጭቃ ጭነውበታል። እናቴን ከነአልጋዋ ተሸክመው መተላለፊያው መሐል አስቀምጠዋታል። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሰው ሊጠይቃት የመጣ ይመስል ተደግፋ ተቀምጣለች።

"መኪናዋ ስትጮህ ሰማኋት። የት ቀረች?" አለችኝ።

"ቡና አቁሟታል።"

"የማን ቡና?"

"የብዙ ሰው። መጨረሻው የእህቴ ነው።"

"ሾፌሩ ረገጠባት?"

"አልረገጠም።"

"አሳዳጊው ይባረክ" አለችና ውሃ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ቀድቼ ሰጠኋት።

ጣቢያው ወንዙ ዳር ተሠርቶ አለቀ፤ ያማረ ጣቢያ ነው። እኔ ደግሞ ከሾፌሩ ጋር የመኪናዋን ወርድ ለክቼ፣ ልክ በዚያው መጠን አንድ ቀርከሃ ቆረጥኩ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር ሲገባ ጠዋት ጠዋት ቀርከሃውን ተሸክሜ ከወንዙ እስከ ገበያው እወጣለሁ። በሁለት ስጥ መሐል አጋድመዋለሁ፤ ካልገባ ባለቤቷን ሰብሰብ አድርጊው እላለሁ።

"መጣ ደግሞ ባለቀርከሃው" ይላሉ። "መምህር፣ መኪናዋ ዘንድሮ ወፍራለች እንዴ?"

እየሳቁ ይሰበስቡልኛል። ዘወር ስል መልሰው ይዘረጉታል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላም እወርዳለሁ። የማያስቸግረኝ ስጥ የለም፤ ከልኩ በስንዝር የሚያልፈው ግን ሁልጊዜ የእህቴ ነው። ማታ እናቴ ዘንድ ስገባ ቡናው ደረቀ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። ስለ ቀርከሃው ጠይቃኝ አታውቅም።