አልከፈት ያለው የኮምቦልቻ ፋይል

ትናንት ሰይድ ስልኩን ይዞ ከሱቁ ደጃፍ ሲንሾካሾክ ቆየ። ሰይድ ደሴ ፒያሳ ባለችው የማስታወቂያ ሱቄ ፕሎተሩን፣ ማለትም ስቲከር መቁረጫ ማሽኑን፣ የሚያሠራልኝ ሠራተኛዬ ነው። ተመልሶ ሲገባ ከኮምቦልቻ የተላከው የታፔላ ፋይል አልከፈት እንዳለው ነገረኝ። የሠራችው ልጅ ነገ ራሷ መምጣት ሳይኖርባት አይቀርም አለ። ይህን ስሰማ በሐሳብ ጭልጥ አልኩ።

በእኔ ወጣትነት፣ ደሴ እኛ ዘንድ ፕሎተር ነበር፤ ዲዛይን የሚችል ሰው ግን አልነበረም። ኮምቦልቻ ደግሞ ዘሀራ ነበረች፤ ፕሎተር አልነበራትም። የአማርኛውን ፊደል በማውስ እየሳለች፣ ፋይሉን በፍላሽ አድርጋ በሚኒባስ ሹፌር ትልክልናለች። እኔ ስከፍተው ጉድ ይፈላል። ፊደሉ ጥፍር አክሎ ይመጣል፤ መስመሩም እንደተበጠሰ ክር እዚህም እዚያም ይንጠለጠላል። በዚያው ከተቆረጠ ቢላው ስቲከሩን ቦጫጭቆ ይጥለዋል። ስለዚህ ዘሀራ ራሷ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥታ ትመጣና አጠገቤ ተቀምጣ የተበጠሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ትቀጥላለች።

ከኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ሻርፕ ስለምትመጣ የደሴ ጉም ያንዘፈዝፋታል። እኔ ከጎረቤት ሻይና ትኩስ ሳምቡሳ አስመጣለሁ፤ እሷ ከቦርሳዋ ብርቱካን ታወጣለች። ዛሬም አዲስ የስቲከር ጥቅል ስፈታ የዚያ ብርቱካን ልጣጭ ይሸተኛል፤ ምን ይደረግ። ሥራ ሲበላሽብኝ «አብሽር» ትለኛለች፤ እኔ በዚያች ቃል ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል። ወድጃት ነበር። ለመናገር ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

አንድ ክረምት ዝናቡ በረታና እናቷ በዚያ መንገድ አትሄጂም ብለው ከለከሏት። ፍላሹ ብቻውን መጣ። ደንበኛው ይጨቀጭቀናል፤ እኔም ቁጭ ብዬ ፕሮግራሙን ስነካካ ዋልኩ። ለካስ ነገሩ ፋይሉ ሲገባ የፕሎተሩን ዓይነት ለይቶ መምረጥና መስመሩን የምታገጣጥመዋን ስክሪኑ ላይ ያለች ትንሽ ሳጥን መንካት ብቻ ኖሯል! ፊደሉ በልኩ፣ ሙሉ ሆኖ ቁጭ አለ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዝናቡ ጋብ ሲል መጣች። ገና ሳትቀመጥ አሳየኋት፤ እንድታደንቀኝ ነዋ። ስክሪኑን አየችው።

«ታዲያ ከእንግዲህ እኔ መምጣት አያስፈልገኝማ?» አለችኝ።

«ምን በወጣሽ፤ በዚህ ብርድ ምን ያንከራትትሻል» አልኳት፣ ያሰብኩላት መስሎኝ።

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሻዩን ሳትጠጣ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ፍላሹ ብቻ ይመላለስ ጀመር። ፋይሉ ሁሉ ያለ ችግር ይከፈትልኛል፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። እያደር አግብታ ከኮምቦልቻ መውጣቷን ሹፌሩ ነገረኝ። ጥያቄዋ የገባኝ ያኔ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች።

ይህን ሁሉ ለሰይድ አልነገርኩትም። ወንበር ስቤ፣ ቀላል ነው አንዴ ላሳይህ ብዬ ማውሱን ያዝኩ። ሰይድ እጁን ቀስ አድርጎ እጄ ላይ አሳረፈ።

«ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፤ «አከፋፈቱን እኮ እኔም አውቀዋለሁ።»

ማውሱን ለቀቅኩት። እኔ ሞኙ፣ ያኔ እያወቁ አላውቅም ማለት እንደሚቻል እንኳ አልመጣልኝም። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡብኝ። ፊቴን እንዳያየው ብዬ ተነሳሁና ወደ ጎረቤት ሻይ ቤት ሄጄ፣ ለነገ ከኮምቦልቻ እንግዳ ስላለን ሳምቡሳውን ትኩስ ትኩሱን እንዲያቆዩልን ነገርኳቸው።